አልቃሹ ሳያለቅስ የመጣ ዕለት

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ ልጆቼ። ብነግራችሁ «ማን ነገረሽ?» ትሉኛላችሁ፤ እኔም «ማን ጠይቁ አላችሁ?» እላለሁ፤ እንዲሁ ስንጠራጠር ይመሽብናል። ስሙ ይቅር። በኮረብታ ጎን የተለጠፈች ከተማ ናት በሉ። እኔ ዘነበወርቅ በገበያዋ ጨው ስቸረችር አርጅቻለሁ። ዘነቡ ይሉኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ያየሁትን እንጂ ያልገባኝን አልነግራችሁም።

በዚያች ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታው «ማን ላከህ?» ነው። መልሱም «ማንም፤ አንተንስ?» ነው። በጎ ሰላምታ ነው፣ የሚቀየምበት የለም። ሙሽራ እንኳ ከሙሽሪት ደጅ ሲደርስ ሚዜዎቹ ተሰልፈው «ማንም አልላከንም» እያሉ ይዘፍናሉ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ አንድ የጥርጣሬ ሹም አለው። ሥራ አስኪያጁ ሲታመም ሥራው ትንሽ ይጓተታል። የጥርጣሬ ሹሙ ሲታመም ግን መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፤ መታመሙን የሚጠራጠርለት ሰው ይጠፋላ!

እንግዲህ በእንዲህ ያለች ከተማ ልቡ የታመመ ሰው ለማን ይናገር? ችሎ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሲውል ሲያድር ይሻለዋል። አንዳንዱን እንቀብረዋለን። በለቅሶው ቤትም «ምን ሆኖ ነው?» የሚል አይገኝም፤ የጠየቀ ይጠረጠራል።

አንድ ዘመን ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣና የእርከን ቤት የሚባል ተሠራ። ኮረብታውን ተከትሎ አራት እርከን። ታችኛው ከገበያው መሀል ቆርቆሮ ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። ሁለተኛው በር ያላት አንዲት ክፍል ናት፤ ሰው እየተመላለሰ ጭንቀቱን የሚፈታበትን መላ የሚማርባት። ሦስተኛው ሐኪምና መድኃኒት ያለበት ቤት፣ አራተኛው ጫፉ ላይ አልጋና አስታማሚ ያለበት። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ። ያዘነ ሁሉ ሐኪም አያሻውም። ብዙው ሰው ታች ሰሚ ካገኘ ይቀለዋል። ያልቀለለው አንድ እርከን ይወጣል፤ የባሰበት ደግሞ ተራ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ። ብቻ፣ ልቡ ይበልጥ የከበደው ሰው ይበልጥ ዳገት መውጣት ነበረበት። ይህን ያሰበበት ሰው የለም፤ ያሰበ ካለም እንዳይጠረጠር ዝም ብሏል።

ሠልጣኝ ሲመረጥ እኔም ተመረጥኩ። ለምን ብትሉ፣ አግዳሚው የተተከለው ጨው ከምሸጥበት ቦታ ላይ ነው። እኔን ከማንሣት እኔን ማሠልጠን ቀለላቸው።

አሠልጣኛችን ከተራራው ማዶ የመጣች ሲስተር ውድነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ሰው ላይ የማይቸኩል። መጀመሪያ መቀመጥን አስተማረችን፤ እኔ ዕድሜ ልኬን የተቀመጥኩ ሴትዮ!

«ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ ፍርድ ቤት ይመስላል» አለች። «ጎን ለጎንም አትሁኑ፤ አውቶቡስ ይመስላል። ሰያፍ ሁኑ። ሲፈልግ እንዲያያችሁ፣ ሳይፈልግ እንዲያርፍባችሁ።»

ከዚያ ዝም ማለትን አስተማረችን። «አይዞህ» እያልን የሰውን አፍ እንዳንከድን። ለሁሉም ነገር ቀድመን «እኔም እኮ» እንዳንል። ይህኛው ከባድ ነበር፤ ግማሹ ሠልጣኝ «እኔም እኮ ከባድ ሆኖብኛል» አለ።

በመጨረሻ ሲስተር ውድነሽ «አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን ሳትጠይቁ ማንንም እንዳትሸኙ» አለች። «ከባድ ሐዘን ያያችሁበትን ሰው በግልጽ፣ ሳትሽኮረመሙ፣ ‹ራስህን የማጥፋት ሐሳብ አለህ ወይ?› ብላችሁ ጠይቁ።»

ጥላዬ ተነሣ። ጥላዬ ቀድሞ የወፍጮ ቤት ተቆጣጣሪ የነበረ፣ ለሁለተኛው እርከን የታጨ ሰው ነው። «እንዲህ ብለን ብንጠይቀው የሌለውን ሐሳብ አናስገባበትም?»

«አታስገቡበትም። ያለውን እንዲያወጣው በር ትከፍቱለታላችሁ እንጂ።»

«ይህን ያለው ማን ነው? ለመሆኑ አንቺን ማን ላከሽ?»

«ማንም» አለች ሲስተር ውድነሽ፣ «አንተንስ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ቀን ወደድናት።

«ታዲያ ‹አለኝ› ያላችሁ እንደሆነ እጁን ያዙ» አለች። «ወረቀት ሰጥታችሁ አትስደዱት። በጣታችሁ መንገድ አታሳዩት። የሚቀጥለው እጅ ተቀብሏችሁ እስኪይዘው ድረስ አትልቀቁ። እጅ ለእጅ።» እርስ በርስ ተለማመድን። ለእኔ ጥላዬ ደረሰኝ። እጁ የወፍጮ ድንጋይ ነው፤ እየያዝኩት «አለቀ? አለቀ?» ይለኛል። ስንጨርስ ለእያንዳንዳችን የሥራችን ምልክት የሆነውን ሰማያዊ ሻርፕ አንገታችን ላይ አድርጋልን ወደ ማዶዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ የእርከን ቤቱ የጥርጣሬ ሹም አቶ ደምሰው ለማሟያ ሥልጠና ጠራን። የተከበረ ሰው ነው፤ ውሃ እንኳ ሲጠጣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል።

«ሴትዮዋ ማመንን አስተምራችኋለች» አለ። «መልካም። ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው። ግማሹን እኔ አሟላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ወደ እናንተ ከሚመጡት ሐዘንተኞች አንዳንዶቹ የእኔ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አልነግራችሁም። ሐዘኑ ቀላል የሆነውን የእኔን ሰው ወደ ላይ ያሳለፈ ሻርፑን ያወልቃል። ሐዘኑ ከባድ የሆነውን የእኔን ሰው ታች ያስቀረም ሻርፑን ያወልቃል።»

«የእርስዎ ያልሆነውንስ ሰው?» አልኩ።

ትንሽ አሰበ። «እሱ አይቆጠርም» አለ።

ሰዎቹን ከየት አመጣ? በዚያች ከተማ በተፈለገ ሰዓት እንባ የሚያወጣ አልቃሽ ብቻ ነው። አልቃሾቹን ሁሉ ቀጠረ። ዋናቸው እሸቴ ነበር። እሸቴ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር ደረቱን ይመታል። የእናቴን ለቅሶ ያደመቀው እሱ ነው፤ እንዴት ልርሳው? ግን አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ እኔ እንዳላወቅሁት፣ እሱም እንዳላወቀኝ እንሆናለን። አልቅሶ አልቅሶ ሲጨርስ አንድ ጣሳ ጨው ይገዛና ጠጋ ብሎ ይጠይቀኛል።

«እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬስ እንዴት ነበርኩ?»

«እንባህ ቸኮለ።»

«ዘግየት ሲል ነው የሚያምር?»

«ሂድ ወዲያ! ሹሙ ያየናል።»

እያደር ሁላችንም ሰለጠንን። ከላይ ጥላዬ ዘንድ ቤቷ የተቃጠለባት ሴት ሄዳ ጉዷን ስትዘረግፍለት፣ «ይቺኛዋስ ጎበዝ ናት፤ ጭስ ጭስ እንድትል አድርገው ነው የላኳት» ብሎ አድንቆ ሸኛት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ወርዳ «ምን ማለቱ ነው?» ብትለኝ ጨዌን መስፈር ቀጠልኩ። እንባ አስጠረጠረ፤ ስለዚህ የምር ያዘኑት እየሳቁ ይመጡ ጀመር። ሳቅም አስጠረጠረ። «የአቶ ደምሰው ሰው አይደለሁም» ብለው የሚጀምሩ መጡ። አቶ ደምሰውም ይህን ሲሰማ ሰዎቹን «የአቶ ደምሰው ሰው አይደለሁም ብላችሁ ጀምሩ» ብሎ አዘዘ። ቀስ በቀስ አግዳሚዬ ላይ ከአልቃሾቹ በቀር የሚቀመጥ ጠፋ። አቶ ደምሰው ለበላይ አካል «የከተማዋ ሐዘን ቀንሷል» ብሎ አስታወቀ። ተሸለመ።

እሸቴ በጠራራ ፀሐይ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ጋቢ አልደረበም። ሲቀመጥ እንደወትሮው አግዳሚውን በእጁ አልጠረገም። ፊቱን አየሁት፤ እንደ ምድጃ ድንጋይ ደርቋል።

«ማን ላከህ?» አልኩት፣ ልማድ ነው።

«ማንም፤ አንቺንስ» አላለኝም። እኔም ሰያፍ ሆኜ ጠበቅሁት።

«እትዬ» አለ ቆይቶ፣ «እንባዬ እምቢ አለኝ።»

በልቤ፣ አቶ ደምሰው አዲስ ዘዴ አወጣ አልኩ።

«የእኅቴን ልጅ ቀበርናት» አለ። «የወተት ጥርሷን እኔ ነኝ ጣራ ላይ የወረወርኩላት። ሬሳዋ ፊት ቆሜ አንድ ጠብታ አልመጣልኝም። ሰዉ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹እሸቴ ሳይከፈለው አያለቅስም› አለ። እኅቴ ከኪሷ ገንዘብ አውጥታ በእጄ አስጨበጠችኝ፣ እትዬ። በልጇ መቃብር ላይ።»

ይህን ሲለኝ እጄን ልዘረጋለት ቃጣኝ። ግን ልጆቼ፣ እሸቴ እኮ የድንጋይ ሆድ ሲያላውስ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ለመፍጠር ማን ይሻለዋል? አገላበጥኩት። ባሳልፈው ሻርፔ ይሄዳል፤ ባስቀረውም ሻርፔ ይሄዳል። ሁለቱንም ብተውና ሰውየውን ብቻ ባየው ብዬ አየሁት። አሁንም አላወቅሁም። ከዚያ ያቺ የሲስተር ውድነሽ ጥያቄ ትዝ አለችኝ፤ እንዲህ ያለውን ለመጠየቅ ሰውየውን ማመን አያስፈልግም።

«እሸቴ፣ ራስህን የማጥፋት ሐሳብ አለህ ወይ?»

አንድ የጭነት መኪና ገበያውን በአቧራ ሞልቶ አለፈ። አቧራው እስኪወርድ ጠበቀ።

«አለኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወዲያውም ደነገጠ። «አየሽ? አቶ ደምሰው ‹ይህን ስትሉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ› ይለን ነበር። አሁን እኔ ሳላዘው ዝቅ አለ። እንዴት ብዬ ብናገር ነው የምታምኚኝ?»

«አላውቅም» አልኩት። «እጅህን አምጣ።»

ጨዌን ክፍቱን ትቼ ተነሣሁ። ዳገቱን ጀመርነው። ሐዘን የያዘው ሰው እንዴት እንደሚከብድ የጎተተ ያውቀዋል፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ ድሮ አልቋል። በየመንገዱ ሰው ቆሞ ያያል። «እሸቴ ዛሬ እስከ ላይ ሊጫወተው ነው!» ይላል አንዱ። «እትዬ ዘነቡንም ቀጥረዋታል ማለት ነው» ይላል ሌላው።

ሁለተኛው እርከን ስንደርስ ጥላዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዋ እሸቴ! ያለ እንባ? ይቺን ከየት አመጣሃት?» ብሎ በዚያ የወፍጮ ድንጋይ እጁ አጨበጨበ።

«ጥላዬ፣ ወይ እጅህን አምጣ ወይ መንገድ ልቀቅ» አልኩት። «ወደ ሐኪሙ ነው የምንሄደው፤ ‹አለኝ› ብሎኛል።»

«‹አለኝ› ለማለት አይደል የሚከፈለው?» አለና ድምፁን ቀነሰ። «ስሚኝ ዘነቡ። ብነካው ቀላል ነበር ይሉኛል። ብመልሰው ከባድ ነበር ይሉኛል። እኔ እናንተን አላየሁም።» ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። በበሩ ቀዳዳ ግን ዓይኑ ሲከተለን አይቻለሁ።

ሦስተኛው እርከን ላይ ዶክተር መንክር ደጃፉ ላይ ወጥቶ ተቀበለን፤ በዓይኑ ማለቴ ነው፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። የሹሙን ሰው አስተኝተሃል ተብሎ ከዚያ በፊት አንዴ ተወቅሷል።

«የአቶ ደምሰው ሰው አለመሆኑን ሹሙ ራሱ ይንገረኝ፤ ያን ጊዜ እቀበላለሁ» አለ።

አቶ ደምሰውን መጥራት አላስፈለገም። እያለከለከ ከኋላችን ደርሷል።

«አቶ ደምሰው፣ ይህ ሰው ዛሬ የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?» አልኩ።

«የእኔ የሆነውንና ያልሆነውን ከተናገርኩ ፈተናው ምኑን ፈተና ሆነ?»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ፣ ጌታው!»

«የእኔ ሰዎችም እንዲህ እንዲያስብሉ ነው የሰለጠኑት።»

እሸቴ ቀና አለ። «አቶ ደምሰው፣ ዛሬ የእርስዎ አይደለሁም። እርስዎም ያውቃሉ። ዛሬ ሥራ አልገባሁም።»

ሹሙ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «ልክ እንዲህ በል ብዬ ነበር የማዝህ» አለ።

በእጄ ውስጥ የእሸቴ እጅ ሲላላ ተሰማኝ። ልጆቼ፣ የሰው እጅ በእጃችሁ ውስጥ ሲላላ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ዓሣ ከመረብ የሚሾልክ ይመስላል። ጠበቅ አደረግሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜም እየተጠራጠርኩ ነበር። በዚያች ከተማ ተወልጄ እንዴት አልጠራጠር? መጠራጠሬን አልተውኩም፤ እጁንም አልለቀቅሁም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል።

«ዶክተር ልጄ» አልኩ፣ «የሹሙ ሰው ነው እንበል። ምንህን ሊፈትን መጣ? ከባድ የተባለ ሰው ሲደርስህ እጅህን ትዘረጋ እንደሆነ። ዘርጋና እለፍ። የሹሙ ሰው አይደለም እንበል። ያን ጊዜም ዘርጋ።»

«ቀላል ሐዘን ይዞ የተላከ ከሆነስ?»

«እሱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» በነፃው እጄ ሰማያዊውን ሻርፕ ከአንገቴ ፈትቼ ዶክተሩ ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁለት። «ይኸው፣ ቅጣቴን አስቀድሜ ከፈልኩ። አሁን የቀረው ያንተ እጅ ነው።»

ዶክተሩ ሹሙን አየ። ሹሙ ፊቱን ምንም እንዳይነበብበት አድርጎ ቆሟል። ዶክተሩ ሻርፑን አየ። ከዚያ ከኪሱ አንድ እጁን አወጣ፣ ወደ ሌላ ወገን እየተመለከተ፣ እጁ የራሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዘረጋልን።

እጅ ለእጅ። መያዙን አይቼ ነው የለቀቅሁት።

ቁልቁል ስወርድ ጨዌ ትዝ አለኝ። ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ስደርስ አንዲት ጣሳ አልጎደለም። ገበያው ሁሉ ዙሪያውን ከብቦ ያያል፤ የሚነካ የለም። ክፍት የተተወ ጨው የአቶ ደምሰው ፈተና ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

በሳምንቱ ፍርዱ ተነበበ። እሸቴ በዚያ ዕለት የሹሙ ሰው ነበር ተባለ፤ ሐዘኑም ቀላል ነበር ተባለ። እኔ ሻርፔን አጣሁ፤ አስቀድሜ አውልቄው ስለነበር የሚያወልቁልኝ ነገር ጠፍቶ ትንሽ ተቸገሩ። ፍርዱ ሲነበብ እሸቴ አራተኛው እርከን ላይ ተኝቶ ነበር፤ ስለ ራሱ ቀላልነት የሰማው ቆይቶ ነው። አስታማሚዋ እንደነገረችኝ አንድ ማለዳ ገንፎውን እየበላ ሳለ እንባው መጣ። ማንኪያውን እንደያዘ እስከ ምሳ አለቀሰ። ያጨበጨበለት የለም።

እኔም ወደ ጨዌ ተመለስኩ፤ አግዳሚው እዚያው ነው፣ የነቀለው የለም። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ያቺ ቤቷ የተቃጠለባት ሴት መጣች። አንድ ጣሳ ጨው ገዝታ ተቀመጠችና ወደ ምድር እያየች መናገር ጀመረች። ኋላ ነው የገባኝ። ሻርፕ የሌላትን አሮጊት ማን ይፈትናል? አቶ ደምሰው ወደ እኔ ሰው የሚልክበት ምክንያት አልነበረውም። በከተማዋ ውስጥ ያልተላከ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ወንበር የእኔ ሆነ።

እንዳይጠረጠሩ ሁሉም ጨው ይገዛሉ። ሐዘኑ የበዛበት ሁለት ጣሳ። ቀለል ያለውን ቁጭ ብለን አውርተን እሸኘዋለሁ። መላ መማር የሚያሻውን ጥላዬ ዘንድ እወስደዋለሁ፤ እሱም ጨው እንዳመጣሁለት ሆኖ ይቀበለኛል። «አለኝ» የሚለኝን ደግሞ እጁን ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ። ዶክተር መንክር ከሩቅ ሲያየን ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል፤ እጁን ግን ወደ ኋላው ዘርግቶ ነው የሚጠብቀን። ከተማው በሙሉ ወጡ ጨው በዛበት። አቶ ደምሰው ይህን ጠርጥሮ አንድ ወጥ ቀማሽ ሾሟል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እሸቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እሱ ብቻ ነው ጨው የማይገዛው። ሰያፍ ይቀመጣል፤ እኔም ሁልጊዜ ያቺን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። «ዛሬ የለም» ይለኛል። አንዳንዴ «ዛሬ ትንሽ አለ» ይለኛል፤ ያን ጊዜ እንነሣለን። የሹሙ ፍርድ ውሸት ይሁን እውነት፣ ያን ዕለት ተልኮ ይሁን ሳይላክ፣ ጠይቄው አላውቅም።

«እኔ ስሞት ታለቅስልኛለህ?» አልኩት አንድ ቅዳሜ።

«አንቺ ስትሞቺ?» አለ፣ «በነፃ? አይሞከርም!» ከዚያ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እንዳላየሁ ሆንኩ። እሱ መቼም ልማዳችን ነው።

እንግዲህ መሸ፣ ልጆቼ፤ የመጣችሁበትን ጨው እየያዛችሁ ወደየቤታችሁ። አንተ ግን ጥጉ ላይ ያለኸው፣ ቅድም ጀምሮ አንድ ጣሳ ጨው ታቅፈህ የተቀመጥከው፣ ቆይ። ቤትህ ውስጥ ከእኔ የተገዛ ጨው እስከ ጣራ መድረሱን አውቃለሁ። ወደዚህ ጠጋ በል፤ እንደዚያ ሳይሆን፣ ሰያፍ። ማን ላከህ አልልህም።